ገንዘባችንን የሚበላው ጅብ በየትኛው በር ይገባል?

(ከዚህ በታች የቀረበው አንድ ጡረተኛ የሂሳብ ሠራተኛ ሐረር ከተማ ውስጥ ለነጋዴዎች፣ ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ሳንጠቅስ አውጥተነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



ይህን ንግግር እንዳደርግ የጠየቁኝ ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው ነው። «ጋሼ፣ ሀብት እንዴት እንደሚያዝ ይንገሩን፤ እርስዎ እኮ በ55 ዓመትዎ ደኅና ዋሉ ብለው ከሥራ የወጡ ሰው ነዎት» አሉኝ። ሳቅሁ። እኔ ሀብታም አይደለሁም። መኪና የለኝም፤ ፎቅ የለኝም። ያለኝ አንድ ቤት፣ ከጓሮው ያሉ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ ጥቂት የባንክ አክሲዮንና ከሁሉ በላይ ማንም አለቃ የማያዝዝበት ጠዋት ነው። «እሱኑ ይንገሩን!» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። እኔ «በሦስት ወር ሚሊየነር ሁኑ» የሚል ስብከት አላውቅም። እኔ የማውቀው ሂሳብ ነው። ሂሳብ ደግሞ እንደ ሐረር ሽቅብ መንገድ ነው፤ ትንፋሽ ይቆርጣል፤ አቋራጭም የለውም።

የጁገል ግንብ አምስት በር እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከበሮቹ ሌላ ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የከተማው ሰው በሩን ቀን ይጠብቃል፤ ጅቡ ማታ በቀዳዳው ይገባል። የገንዘባችንም ታሪክ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ያለፈውን ጅብ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አዲሱ ጅብ በሌላ ቀዳዳ ገብቶ በልቶታል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው።

ወርቅ ታጥቆ የዞረው ፈረንጅ

ቱሪስት ሁሉ እየጠየቀ የሚሄድበት «የራምቦ ቤት» እዚሁ አለ። ቤቱን የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል፤ ራምቦ የኖረበት ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለም። ሰውየው ግን ሐረር መኖሩ እርግጥ ነው። አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 እዚህ የመጣው ለቡና ንግድ ነበር። አሁን ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዩት «ቶሎ ጡረታ መውጣት» የሚባል ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ራምቦም የፈለገው እሱን ነበር። ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ቆጥቦ፣ ከገንዘቡ በሚገኝ ገቢ ተቀምጦ ለመኖር።

ታዲያ ምን ሆነ? ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ እናቱ መሬት ገዛችለት፤ እሱ ደግሞ መሬት ምን ያደርግልኛል ብሎ ተበሳጨ። ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አጓጉዞ ሊያተርፍ ሲል በዕዳና በክርክር ተተበተበ። እ.ኤ.አ. በ1887 ካይሮ ሲደርስ ስምንት ኪሎ ያህል ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ነበር፤ ክብደቱ ሆዱን እንዳመመው ለቤተሰቡ ጽፏል። ባንክ አላመነም፤ ሰው አላመነም፤ በወገቡ አሰረው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱን ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ወጣ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። አንድ ቀን እንኳ ጡረታ አልወጣም።

ይህን የማነሳው በሰው ለመሳለቅ አይደለም። ሀብት ማለት የተጠራቀመ ብር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ጤና ከሌለ፣ የት እንደምታስቀምጠው ካላወቅህ፣ ለምን እንደምትሰበስበው ካልወሰንህ፣ ወርቁ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም ነው።

አያቴ፣ አባቴና ቁልፉ

አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ያኔ የዘይላ መንገድ የሚያልፈው በሐረር ነው። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሁሉም። ክፍያው በማርትሬዛ ጠገራ ብር። ከዚያ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ተራራ መውጣት አልቻለምና ሐረርን በሩቁ ሰላም ብሎ ቀረ። ንግዱ ቁልቁል ወደ ሐዲዱ ወረደ። ልብ ያሉት ነጋዴዎች ድሬዳዋ ሱቅ ከፈቱ። አያቴ ግን «በቅሎ የሌለበት ንግድ ንግድ አይሆንም» ብሎ በቅሎዎቹን ይዞ ቀረ። የአያቴ ጅብ ለውጥን አለማየት ነበር።

አባቴ ከዚህ ተማረ። መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ያ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ድምፅ ነው። አባቴ «የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠፋል፤ ቤት አይጠፋም» ይል ነበር። 20 ዓመት ሰፍቶ ከጁገል ውጭ ሁለት ቤት ሠራ። በአንዱ እንኖራለን፤ ሌላውን በወር 40 ብር አከራየው። ዓይኑ ሲደክም በዚያ ኪራይ ሊጦር ነበር ዕቅዱ። የጡረታ አዋጅ ለልብስ ሰፊ አልነበረማ!

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። እኔ 14 ዓመቴ ነበር። አባቴ ሬዲዮውን አጠፋ። ምንም አልተናገረም። የሚከራየውን ቤት ቁልፍ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰቀለው፤ ሥራው ሄደ። ቁልፉ እስኪሞት ድረስ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ልብ በሉ፤ አዋጁ የተቆጨው በትላልቆቹ ባለርስቶች ነው ተብሎ ነበር። በመቶ የሚቆጠር ቤት የነበራቸው እንደነበሩ አልክድም። ነገር ግን የ40 ብሯን ቤትም አብሮ ጠረገ። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ባንክና ኢንሹራንስ፣ በጥር መጨረሻ ፋብሪካ፣ በየካቲት የገጠር መሬት ተወርሶ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሀብት ሊያስቀምጥባቸው የሚችልባቸው ቦታዎች በሙሉ ተዘጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮን ይሸጥበትና ይገዛበት የነበረው ገበያ እንኳ አብሮ ጠፋ።

አባቴ ሊሞት ሲል ምክር ሰጠኝ። «ልጄ፣ በዓይን የሚታይ ነገር አትያዝ።»

እኔና የቁጠባ ደብተሬ

እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝ፤ በዓይን የሚታይ ነገር አልያዝኩም። በ1977 ዓ.ም. በዲፕሎማ በ347 ብር ተቀጠርኩ። ከደመወዜ በየወሩ 50 ብር እያነሳሁ በቁጠባ ደብተር አስቀመጥኩ። ጓደኞቼ በርጫ ላይ ሲቀመጡ እኔ ደብተሬን እያየሁ እደሰት ነበር። «አቦ አንተ ሰውዬ፣ ብሩን ልትቀበር ነው?» ይሉኛል።

በ1985 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሆነ። ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም። ግን ከውጭ የሚመጣው ሁሉ፣ ጨርቁም፣ መድኃኒቱም፣ ዋጋው ሄደ። ያኔ ነው ያባነነኝ። የአባቴን ቤት የወሰደው አዋጅ ነበር፤ በጋዜጣ ወጥቷል፤ ቁጥር አለው። የእኔን ቁጠባ የወሰደው ግን አዋጅ የለውም፤ ቁጥር የለውም፤ ደረሰኝ የለውም። ስሙ የዋጋ ንረት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። በቅርብ ዓመታት የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። 1,000 ብር ባንክ ብታስቀምጥ በዓመቱ 1,070 ይሆናል። 1,000 ብር ይሸጥ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ገብቷል። ስለዚህ አንተ «ወለድ አገኘሁ» ብለህ ስትደሰት ከአንድ ሺህ ብርህ 177 ብሩ ተበልቷል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ግብር አይደለም ወይ? ፓርላማ ሳይመክርበት፣ ደሃና ሀብታም ሳይለይ፣ ከቆጣቢው ኪስ የሚወሰድ ግብር ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚቀጣው ቆጣቢውን መሆኑ ነው። የተበደረው ይጠቀማል፤ የቆጠበው ይከፍላል።

ብሩን ፍራሽ ሥር ያደረጉትማ ይባስ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖት ሲለወጥ የሦስት ወር ቀጠሮ ተሰጠ። በየሰፈሩ የታየውን ሩጫ ታስታውሳላችሁ።

የጡረታው ሂሳብ

ወደ ጡረታ ልምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ መጦሪያው 60 ዓመት ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ግን በፈቃዱ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበሉን ሊያገኝ ይችላል። ብዙዎቻችሁ ይህን መብት አታውቁትም። አበሉ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

እኔ በ2008 ዓ.ም. በ55 ዓመቴ ስወጣ 31 ዓመት አገልግያለሁ። 30 ሲደመር 21 ጊዜ 1.25፣ በአጠቃላይ 56.25 በመቶ። አማካይ ደመወዜ 4,000 ብር ነበርና አበሌ 2,250 ብር ሆነ። ያኔ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ትንሽ ይተርፈው ነበር። ዛሬ አልፎ አልፎ ቢጨመርበትም ከወፍጮ ቤት ደጅ አያሳልፈኝም። በጡረታ አበል ብቻ ተማምኜ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ ንግግር የማደርገው ሳይሆን በር ላይ ቆሜ የምለምነው ነበርኩ። ቀልድ አይደለም፤ እንዲህ የሆኑ የሥራ ባልደረቦቼን አውቃለሁ።

ቶሮንቶና ሜልቦርን ያሉ ልጆቻችን ሌላ ስሌት ይነግሩናል። የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ፤ ያን ያህል ካጠራቀምክ በየዓመቱ 4 በመቶ እያወጣህ ትኖራለህ ይላሉ። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ ባወጣው ጥናት የታወቀ ነው። በወር 20,000 ብር የሚያወጣ ሰው በዓመት 240,000፣ በ25 ሲባዛ 6 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ግን ስሌቱ የቆመው በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያና በአሜሪካ የዋጋ ንረት ላይ ነው። እኛ ጋ 6 ሚሊዮን ብር ባንክ አስቀምጦ የተቀመጠ ሰው ዋጋው በ30 በመቶ ሲወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው ወረቀት ነው። ስለዚህ የእነሱን ሂሳብ እንደ ወረደ አትቅዱ። ትምህርቱን ግን ውሰዱ፦ ከሥራ ለመውጣት መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ገቢህን ሳይሆን ወጪህን ነው።

ዋሪያ፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቀድሞ መጦር ማለት በርጫ ከጠዋት መጀመር ማለት አይደለም። እኔ ከወጣሁ በኋላ የሦስት ሱቆችን ሂሳብ እይዛለሁ። ልዩነቱ፣ ሲሰለቸኝ መተው መቻሌ ነው።

ግብርን ማቀድና ግብርን መስረቅ

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ላይ ደረስን። ግብር መደበቅና ግብር ማቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ወንጀል ነው፤ ሌላው የዜጋ መብት ነው። እኛ ግን ሁለቱን አደባልቀን፣ ነጋዴው ሁሉ ሌባ፣ ገማቹ ሁሉ ጅብ ሆኖ እንተያያለን።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የቀን ገቢ ግምት መጣ ተብሎ በብዙ ከተሞች ሱቅ መዘጋቱን አትረሱም። ሻይ የሚሸጠው ሰው የሆቴል ያህል ተገመተ ተብሎ ጩኸት ሆነ። ግምቱ የተጋነነ እንደነበር እስማማለሁ። ነገር ግን ያኔ ወደ እኔ ለመጡ ነጋዴዎች «የሽያጭ መዝገባችሁን አምጡ» ስላቸው አንዱም አልነበረውም። መዝገብ የሌለው ሰው በምን ይከራከራል? በመሐላ?

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። አንድ፣ የ50 ብር ደብተር ግዙና በየማታው የገባውንና የወጣውን ጻፉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ወጪን መቀነስ፣ በተገቢው መዝገብ የተያዘ ኪሳራንም ወደሚቀጥሉት ዓመታት ማሸጋገር ይፈቅዳል። ያልተጻፈ ወጪ ግን ያልወጣ ወጪ ነው። ሁለት፣ ለኪራዩም፣ ለዕቃውም፣ ለጥገናውም ደረሰኝ ተቀበሉ። ሦስት፣ ግምቱ ካልተስማማችሁ ቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው። በ22ኛው ቀን ብታለቅሱ የሚሰማችሁ የለም። አራት፣ የቤተሰብን ኪስና የሱቁን ኪስ ለዩ። ከመሳቢያው እየተነሳ የሚበላ ምሳ ሱቁንም ቤቱንም ያደኸያል።

ለደመወዝተኛው ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ግብሩ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ ለዘጠኝ ዓመት 600 ብር ላይ ተቸንክሮ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ፤ 35 በመቶው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ካለው ጀመረ። መንግሥትን የማመሰግንበት ቦታ ይህ ሊሆን ይችል ነበር። ግን በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የብር አቅም ስንት ጊዜ እንደወረደ ሳስበው ምስጋናዬ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ደግሞም ይግባኝ ወደ ኮሚሽኑ ለማለት የተከራከርክበትን ግብር ግማሽ አስቀድመህ አስይዝ የሚል ሕግ፣ የደሃውን አፍ መዝጋት አይደለም ወይ? በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም አለ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የምንኖረው በሊዝና በይዞታ ነው። በእጃችን ያለው ጣሪያና ግድግዳ ነው። በእሱም ስንከፍል ቢያንስ መንገዱና ውኃው እንዲመጣ መጠየቅ አለብን። ሐረር ለውኃ ስንት ዓመት እንደተንገላታች እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ የት እናስቀምጥ?

በ1985 ከባነንኩ በኋላ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ዕቁብ ገባሁ። የመጀመሪያው ዕጣ ሲደርሰኝ ባለቤቴ ጥበበኛ ናትና «ሶፋ አይወልድም» አለች። ጓሮ አንድ ሰርቪስ ክፍል ሠራን። በኪራዩ ሁለተኛ ዕቁብ ገባን፤ በሁለተኛው ሁለተኛውን ክፍል። እንዲህ እያለ በ11 ዓመት ሦስት ክፍል ሆነ።

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም አዋጅ ወጣ። በዓመቱ አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖች፣ በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተመሠረተ። ከእሱ ኋላ ሌሎችም ተከተሉ። እኔ በ1990 ዓ.ም. ከአንዱ ባንክ የ5,000 ብር አክሲዮን ገዛሁ። አባቴ ቢሰማ «አበድክ?» ይለኝ ነበር። ባንክ ሲወረስ አይቷላ! ትርፉን ሳላወጣ መልሼ አክሲዮን እገዛበት ነበር። ከ55 ዓመቴ በኋላ ነው መብላት የጀመርኩት።

ተሳስቼም አውቃለሁ። በ2001 ዓ.ም. ብሮሹሩ የሚያብረቀርቅ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን በ20,000 ብር ገዛሁ። አንድ ጊዜ ጉባኤ ተጠራን፤ ኬክ በላን፤ ከዚያ ስልኩም ቢሮውም ጠፋ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ግን የተመረመረ ሂሳብ አምጡ ብዬ አልጠየቅሁም። 20,000 ብር የከፈልኩበት ትምህርት ነውና በነፃ ውሰዱት። የተመረመረ ሂሳብ ያላሳየ ሰው ገንዘባችሁን አይንካ።

ዛሬ ለወጣቱ ያለው በር ከእኔ ዘመን ይሰፋል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም በ9,900 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ወለድ የማይቀበሉ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሏቸው። እንዲያውም ዘካ ሥራ ፈቶ በተቀመጠ ገንዘብ ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ሲያወጣ፣ ገንዘብህን አሠራው የሚል ትምህርት ይሰጣል።

ግን በሩ ስለተከፈተ ሮጣችሁ አትግቡ። ከገቢያችሁ በመጀመሪያ የስድስት ወር ቀለብ አስቀምጡ። ዕቁቡን፣ ዕድሩን፣ አፎሻውን አትተዉ፤ ሰው የቀበረው ሰው ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ከዚያ በኋላ ከሦስት ቦታ ክፈሉት፦ የሚያከራይ ወይም የሚሠራ ነገር፣ አክሲዮን፣ የልጅ ትምህርት። አንዱ ሲወረስ፣ ሌላው ሲረክስ፣ ሦስተኛው እንዲቀር።

ለመንግሥትም አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በስማችን የሚጠራው ሐረር ቢራ በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ተሸጠ። ከበደሌ ጋር በድምሩ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የወጣበት። መሸጡን አልቃወምም። ነገር ግን የሐረር ሰው አንድ አክሲዮን እንኳ ግዛ ተብሎ ተጠይቋል? ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ፣ ጫት ሻጯ 5 በመቶውን ብትይዝ ምን ይጎድል ነበር? ሀብት ፍጠሩ እየተባልን፣ ሀብት ሲሸጥ አንጠራም። ወደፊት የሚሸጥ ነገር ካለ ለሕዝብ ይቅረብ፤ በትንሽ ዋጋም ይከፈል። ዋጋ ንረቱንም ይያዝልን። ያን ያላደረገ መንግሥት «ቆጥቡ» ብሎ የመምከር ሞራል የለውም።

ልጨርስ። የአባቴ ቁልፍ ዛሬም እኔ ቤት ነው። በሩ የለም፤ ቤቱም ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ «ይሄ የምን ቁልፍ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና «አንተ እንዳይወስዱብህ አትፈራም?» አለችኝ። እፈራለሁ አልኳት። አያቴ ሳይፈራ ቀረና ባቡሩ ጥሎት ሄደ፤ እኔ ደግሞ በፍርሃት 8 ዓመት ተቀምጬ ገንዘቤ እጄ ላይ ቀለጠ። ስለዚህ እየፈሩ መሥራት ነው ያለው። ፍርሃታችሁን ለመዝገብ፣ ለደረሰኝና ለጥያቄ አውሉት እንጂ ለመቀመጥ አታውሉት።

ነገ ጠዋት የ50 ብሯን ደብተር ግዙ። ሌላው ሁሉ ከእሷ በኋላ ነው።